ዘፋኝ እስኪሆን ድረስ ማን ይቀልበው?

ስለ ዘፋኞቻችን ስናወራ የምንወዳት አንዲት ተረት አለች። ልጁ ድሃ ነበር፣ ድምፁ ግን ከላይ የተሰጠው ነበር፣ አንድ ምሽት መድረክ ላይ ወጣ፣ ሕዝቡ አበደ፣ በቃ ታዋቂ ሆነ። ተረቷ ትጥማለች። ችግሯ መሃሉን ትዘላለች። ልጁ ዘፋኝ እስኪሆን ድረስ ምን በልቶ አደረ? የት ተለማመደ? ሲሳሳት ማን አረመው? ይህን አትነግረንም። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያ መሃል ነው።

ከማሕሙድ አሕመድ እንጀምር። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጫማ ጠራጊ ነበር፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ውስጥ አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ ተላላኪ ሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር “እኔ ልዝፈን” አለ፣ ዘፈነ፣ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞችም ወሰዱት። ተረቷ እዚህ ላይ ታበቃለች። እውነተኛው ዝግጅት ግን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ማሕሙድ ከአሥር ዓመት በላይ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ሠርቷል። ደመወዝ ነበረው። ልብስ ተሰፍቶለታል። ከኋላው ነፋሾቹን አሰልፎ የሚያጅበው ሙሉ ባንድ፣ ዜማውን የሚያቀናብርለት ባለሙያ፣ በሰዓቱ መገኘት ግዴታ የሆነበት ልምምድ ነበረው። ያ አንድ ምሽት በሩን ከፈተለት እንጂ ዘፋኝ ያደረጉት እነዚያ ዓመታት ናቸው።

ያ ቤትም ከሰማይ አልወረደም። መንግሥት ለዓመታት ገንዘብ አፍስሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አስመጡ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በሌሎችም ቤቶች ሙዚቀኞችን አስተማረ፣ ለአራቱ ቅኝቶቻችን ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ የሚስማማ የኦርኬስትራ አሠራር ሲፈልግ ኖረ። “ወርቃማው ዘመን” የምንለው ዘመን የአርባ ዓመት ትምህርት ፍሬ ነው።

ታዲያ ቀለቡ በነፃ አልነበረም። የሚቀልብህ ያዝዝሃል። በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ የተሻገረው ጥላሁን ገሠሠ ይህን ቀምሶታል። በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍ እሱም ታስሯል። ዘፋኝ ቢሆንም ደመወዙ የዘበኛ ነበር።

አሁን ወደ ድሬ እንውረድ።

በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ የወለዳት ድሬዳዋ የቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ አልነበራትም። ጆሮ ግን ነበራት። ከጅቡቲ በኩል የዓረብ፣ የሶማሌና የሕንድ ፊልም ዜማ ይገባል፤ ሰፈሩ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሐረሪ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ ይሰማል። በ1939 ዓ.ም. እዚህ የተወለደው አሊ መሐመድ ሙሳ ያደገው በዚህ መሃል ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ “አፍረን ቀሎ” የተባለውን የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን ተቀላቀለ። ስሙ ሳይቀር ከዚያ ወጣ፤ የመጀመሪያ ዘፈኑ ስለ ቢራ፣ ማለትም ከክረምት በኋላ ስለሚመጣው ወራት ነበርና አሊ ቢራ ተባለ።

ልብ በሉ፣ አፍረን ቀሎን የቀለበው መንግሥት አልነበረም። ኦሮምኛ በአደባባይ መድረክ ቦታ ባልነበረው ዘመን ልጆቹ የሚዘፍኑት ሠርግ ቤት ነበር። ሠርግ ደግሞ ቀላል ትምህርት ቤት አይደለም። እናቶች ፊትህ ተቀምጠው ይሰሙሃል፣ ቃል ከሳትክ ይስቃሉ፣ ዜማ ከሰበርክ ጭፈራው ይቆማል። አሊ የመጀመሪያ ፈተናውን የወሰደው እዚያ ነው። የፈታኙም ደመወዝ፣ የተማሪውም ቀለብ የሚከፈለው ከሰፈሩ ኪስ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ቡድኑን በተነው። አሊ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ፣ ተመለሰ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ደረሰ። እዚያ ተቀብሎ የቀጠረው ማን መሰላችሁ? ክብር ዘበኛ። አንዱ የመንግሥት እጅ የበተነውን ልጅ ሌላው እጅ ደመወዝ ሰጠው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያንን ቤት ትቶ ወጣ፣ ኡዱንና ጊታሩን ይዞ በራሱ መንገድ ሄደ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስም ዘፋኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቀላቢው ማንነት ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በ1961 ዓ.ም. ገደማ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሐ እሸቴ የሸክላ ኅትመት ሞኖፖሉን ጥሶ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የመጣውን ዓለማየሁ እሸቴን ሲያሳትም፣ ገንዘቡ ከነጋዴ መምጣት ጀመረ። ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቡን ልማድ ሰበረው። በምትኩ የቀበሌና የከፍተኛ ኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ያ ትውልድ ስለ አብዮቱ ለመዘመር ተገዷል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ደግሞ በየቀበሌው የመለማመጃ አዳራሽ፣ ኦርጋን፣ ከበሮና “እንደገና በሉት” የሚል አሠልጣኝ ነበር። ቀጥሎ የካሴት አሳታሚው ነገሠ፤ አንዴ ከፍሎ ሥራውን ጠቅልሎ ይወስዳል። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 የወጣው የስንቱ ዘፋኝ ካሴት ከተቸበቸበ በኋላ ነው።

እያንዳንዱ ዘመን አንድ ነገር ሰጥቶ አንድ ነገር ወስዷል። ዛሬስ?

ዛሬን ለማየት ሳቢያን በቂ ነው። በቅርቡ እዚያ ያገኘሁት ወጣት ቀን ባጃጅ ይነዳል፣ ማታ ይዘፍናል። ድሬ “እርስዎ” አያውቅምና ገና ሳንተዋወቅ “አንተ፣ ጋዜጠኛ ነህ አይደል? እስቲ ስማኝ” ብሎ ስልኩን አቀበለኝ። ድምፁ መልካም ነው። ከኢንተርኔት ባወረደው ቢት ላይ ክፍሉ ውስጥ ቀድቶታል። “ባንድ ይዘህ ዘፍነህ ታውቃለህ?” አልኩት። “የት አግኝቼ!” አለኝ። “ሲሳሳት የሚነግርህ ሰውስ?” ሳቀ። “ኮሜንት አለ አይደል?”

ይህ ልጅ ከጥላሁን ይልቅ ነፃ ነው። አዛዥ የለበትም፣ ግጥሙን የሚሰርዝ ሳንሱር አያውቅም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ለመውጣት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዚህች አገር የዘመናዊ ዘፈን ታሪክ ውስጥ የዝግጅቱን ወጪ በሙሉ ብቻውን የተሸከመ የመጀመሪያው ትውልድ ይህ ይመስለኛል። የግጥም፣ የዜማ፣ የቅንብር፣ የስቱዲዮ፣ የሚክስ፣ የክሊፕ ወጪ ሁሉ ከባጃጁ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ለልምምድ የሚሆን ጊዜም ገንዘብም የለም። ስለዚህ ዘፈን ያወጣል እንጂ ዘፋኝ ለመሆን አይማርም።

“የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፣ የቴሌቪዥን ውድድሮችም አሉ” የሚለኝ አይጠፋም። አሉ። ያሬድ ግን ያለው አዲስ አበባ ነው፣ የሚቀበለውም ጥቂት ተማሪ ነው። እንደ ፋና ላምሮት ያሉ ውድድሮችም ጠቃሚ ናቸው፣ ልጆችን ከቀጥታ ባንድ ጋር ያገናኛሉ፣ ዳኞቹም እውነቱን ይናገራሉ። ይሁንና ውድድር ይመርጣል እንጂ አያሳድግም። የደረሰውን ሰብል ያጭዳል፤ ማን ዘራው፣ ማን አረመው ብሎ አይጠይቅም።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ወደ ክብር ዘበኛም ወደ ቀበሌ ኪነትም እንመለስ አልልም። ከእነሱ ጥሩውን እንውሰድ፦ ክፍል፣ መሣሪያ፣ ሰዓትና አራሚ። ድሬዳዋ በየበዓሉ ለመድረክና ለድምፅ ማጉያ ከምታወጣው ትንሽ ቆርሳ፣ ሳቢያን ላይ ከሰዓት በኋላ ክፍት የሚሆን አንድ የመለማመጃ ክፍል፣ ከአንጋፋ ሙዚቀኞቿም ሁለት ሦስቱን በደመወዝ ብታስቀምጥ ይበቃል። “ምን ዝፈን” የሚል ካድሬ አይግባበት። “ከቅኝት ወጥተሃል፣ እንደገና” የሚል ሽማግሌ ግን ይኑርበት። ሠርግ የሚሠሩ ባንዶችም ጀማሪን ለአንድ ሁለት ዘፈን ቢያስገቡ፣ አሊ የተፈተነበት ትምህርት ቤት በሩ እንደገና ይከፈታል።

“አሊ ቢራ ከድሬ ወጣ” እያልን እንኮራለን። አማርኛ ተንኮለኛ ነው፤ “ወጣ” ማለት በቀለ ማለትም ነው፣ ጥሎ ሄደ ማለትም ነው። አሊ ሁለቱንም ሆኗል። የሳቢያኑ ልጅ የትኛውን እንደሚሆን የሚወስነው ድምፁ ብቻ አይደለም።

ቸር እንሰንብት።