በስልክ የሚላክ ዛቻ በሕግ ፊት

በአምደወርቅ ገበያ የሚሰነዘር ዛቻና በእጅ ስልክ የሚላክ ዛቻ በሕግ ፊት እኩል አይመዘኑም። ልዩነቱን ማወቅ ለተበዳይም፣ በቁጣ ስልኩን ለሚያነሳም ሰው ይጠቅማል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 580 ከባድ ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ በመዛት ሌላውን ሰው ያስደነገጠን ይቀጣል። ቅጣቱ ከ500 ብር የማይበልጥ መቀጮ ወይም ከ6 ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት ሲሆን ክሱም በተበዳዩ የግል አቤቱታ ላይ ይመሠረታል።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ግን በአንቀጽ 13 ጠንከር ያለ ቅጣት ደንግጓል። በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ሌላውን ሰው ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ያስፈራራ ከ3 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከከበደም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ስለ ተጎጂው ወይም ስለ ቤተሰቡ መልእክት ደጋግሞ በመላክ፣ ወይም ግንኙነቱን በመከታተል ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና ያደረሰ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ በከባድ ሁኔታም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

«ኮምፒዩተር» የሚለው ቃል ማንንም ሊያሳስት አይገባም። በአዋጁ ትርጓሜ መረጃ የሚያስቀምጥና የሚያስተላልፍ የመገናኛ መሣሪያ ሁሉ ይካተታል፤ በኪስ ያለው ስልክም ከዚሁ ውስጥ ነው።

ጊዜም ወሳኝ ነው። አገልግሎት ሰጪው ድርጅት መልእክት ከማን ወደ ማን፣ መቼ እንደተላከ የሚያሳየውን መረጃ የማቆየት ግዴታ ያለበት ለ1 ዓመት ነው። የግል አቤቱታ የሚጠይቁ ወንጀሎች ደግሞ፣ በአዋጁ የተመለከተው ስም ማጥፋት ጭምር፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 መሠረት ድርጊቱ ወይም ፈጻሚው ከታወቀበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለባቸው።

አዋጁ የኤሌክትሮኒክ ማስረጃን ተቀባይ ያደርጋል። ስለዚህ ተበዳይ መልእክቱን ሳያጠፋ፣ የላኪውን ቁጥርና ቀኑን መዝግቦ፣ ስልኩን ይዞ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል። በንዴት መልሶ መዛት ግን ተበዳዩን ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል።

ጉዳዩን በመጀመሪያ ደረጃ የማየት ሥልጣን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ይህን ሥልጣን ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች በውክልና ሰጥቷል። ለደሃና ወረዳ ነዋሪ የፍርዱ መንገድ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃውን ከጅምሩ አሟልቶ መያዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።