የፖሊፑን ምስጢር ቀድሞ የፈታው ማን ነበር?

አኔሞን አበባ መስሎ ዐለት ላይ የሚጣበቅ፣ በአፉ ዙሪያ ባሉት መርዛማ ክንዶቹ ትንንሽ እንስሳትን እያጠመደ የሚመገብ የባሕር ፍጡር ነው። ስኮትላንዳዊው ሰር ጆን ግርሃም ዳሌል እ.ኤ.አ. በ1828 ከኖርዝ ቤሪክ ዳርቻ አንሥቶ በኤዲንብራ በመስታወት ዕቃ ያኖራት አንዲት አኔሞን፣ ከተያዘች በ2028 ሁለት መቶ ዓመት ይሞላታል። “ግራኒ” ወይም አያት የተባለችው ይህች ፍጡር፣ ዳሌል በ1851 ካረፈ በኋላም ተንከባካቢዎች እየተቀባበሏት እስከ 1887 ኖራለች። በዚህ መካከል፣ በ1850ዎቹ፣ አኳሪየም የሚባለው ባለ መስታወት የውሃ ገንዳ በእንግሊዝ ቤቶች ተስፋፋ።

ያከራከረው ጉዳይ ግን ከግራኒ ይልቅ ዘመዶቿን የሚመለከት ነው። በምዕራብ ኖርዌይ የሰበካ ቄስ የነበረውና በ1854 በክርስቲያኒያ፣ በዛሬዋ ኦስሎ፣ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ፕሮፌሰር የሆነው ሚካኤል ሳርስ፣ በ1829 ባሳተመው ሥራ ሁለት ፍጥረታትን ለየብቻ ገልጾ ነበር፤ አንደኛው ስኪፊስቶማ የተባለ፣ አኔሞንን የሚመስል ትንሽ ፖሊፕ፣ ማለትም ተጣብቆ የሚኖር ባለ ክንድ ፍጡር ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ ተደራረበ ሳህን የተከፋፈለው ስትሮቢላ ነበር። ዳሌልም በበኩሉ “ሃይድራ ቱባ” ያለውን ተመሳሳይ ፖሊፕ በቤቱ እያኖረ በ1830ዎቹ ስለ ሕይወቱ ጽፏል። የስኮትላንዱ ወገን፣ እንስሳው በሕይወት ሳለ ሲለወጥ በቅርብ የተመለከተው ዳሌል ነው ይላል። ሆኖም ቀዳሚነት የሚለካው እንግዳ ነገር በማየት ሳይሆን የሕይወት ዑደቱን በማገናኘት ከሆነ ሚዛኑ ወደ ሳርስ ያዘነብላል፤ ሁለት እንስሳ ብሎ የለያቸው የአንድ ጄሊፊሽ የዕድገት ደረጃዎች መሆናቸውን ራሱ አርሞ፣ በ1841 ዑደቱን ሙሉ በሙሉ አብራርቷልና።

ሳርስ በ1869 በክርስቲያኒያ ዐረፈ። ከልጆቹ ጌኦርግ ኦሲያን የአባቱን ሙያ ወረሰ፣ ኤርንስት ታዋቂ የታሪክ ጸሐፊ ሆነ፤ ዘፋኟ ኤቫ ደግሞ የዋልታ አሳሹን ፍሪትዮፍ ናንሰንን አገባች። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲም በኦስሎ ፊዮርድ ዳርቻ በድሬባክ ከ1894 ጀምሮ የባሕር ምርምር ጣቢያ አለው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚቀርበው ሌላው የ1828 ጉዳይ ነው። በኋላ ጎንደርን የጎበኘው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፔል ከቀይ ባሕር የሰበሰበው አኔሞን በዚያው ዓመት በሥነ እንስሳት ሊቁ ሊውካርት ተገልጾ ታተመ፤ ዛሬም ኤንታክሜያ ኳድሪከለር እየተባለ በቤት አኳሪየም በሰፊው ከሚያዙት ዝርያዎች አንዱ ነው። ሞቃት ባሕር የለመደው ይህ እንስሳ፣ በሰውነቱ ያሉት ጥቃቅን አልጌዎች ብርሃን ስለሚሹ፣ በኦስሎ ክረምት ያለ መብራትና ማሞቂያ፣ በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ጨው በሌለበት ውሃም አይበረክትም። የዛሬው አኳሪየም ጠባቂም ዳሌልና ሳርስ የተመኩበትን ትዕግሥት መያዝ አለበት፤ የባሕር ፍጡርን ኑሮ ለማወቅ በቅድሚያ ሕይወቱን ማቆየት ግድ ይላልና።