«ብረት»፣ «ቆርቆሮ»፣ «እርሳስ»፤ የብረታ ብረትና የኢብረታ ብረት ትምህርት በአቃቂ

ስለ ብረታ ብረትና ስለ ኢብረታ ብረት ባሕርያት የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው የሚጀምረው በሠንጠረዥ ነው። በአንደኛው ረድፍ አብረቅራቂነት፣ ተቀጥቃጭነት፣ የሙቀትና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ይሰፍራሉ፤ በሌላው ረድፍ የእነዚሁ ተቃራኒ ይጻፋል። ሠንጠረዡ በጠቅላላው ስሕተት ነው አይባልም። ነገር ግን በአቃቂ የሚማር ልጅ ከሠንጠረዡ የቀደሙ ሁለት መምህራን አሉት፤ እነርሱም የአካባቢው የሥራ ታሪክና የሚናገርበት ቋንቋ ናቸው።

በሀገራችን ብረት ከአፈሩ ሲለይ የኖረው በከሰል ነው። ባለ እጁ ወናፉን እየነፋ ከሰሉን ሲያነድ፣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከብረቱ አፈር ኦክሲጅንን ይነጥቃል። ይኸውም ኢብረታ ብረት የሆነው ካርቦን ብረትን ነፃ ያወጣዋል ማለት ነው። እቶኑ ብረት ወደሚቀልጥበት 1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለማይደርስ የሚገኘው ቀዳዳማ ጓል ነው፤ ዝቃጩ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይወጣል። ብረቱ በመዶሻ ሥር ይሳባል እንጂ አይደቅም፤ ድኝ ግን በዚያው መዶሻ ቢመታ ዱቄት ይሆናል። ባለ እጆች ይህን ከመጻሕፍት አልተማሩትም። ዳሩ ግን «ቡዳ» እየተባሉ ይናቁ ስለነበር ዕውቀታቸው ከትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይደርስ ኖረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ንቀቱ ግን በዐዋጅ ብቻ የሚጠፋ አልነበረም።

የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ በ1907 ዓ.ም. ገደማ አቃቂ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በአቃቂና በቃሊቲ ፋብሪካዎች ተስፋፉ፤ በደርግ ዘመንም የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ በአቃቂ ተቋቋመ። በቀላጭ ብረት ሥራ የሚታየው ነገር ሠንጠረዡን የሚፈትን ነው። ካርቦን እስከ 2 በመቶ የሚደርስበት አረብ ብረት ይሳባል፣ ይታጠፋል፤ ካርቦኑ ከዚያ አልፎ እስከ 4 በመቶ ገደማ ሲደርስ በቅርጽ የሚቀዳው ብረት በመዶሻ ይሰበራል። ሁለቱም ብረት መሆናቸው አልቀረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ቋንቋው ነው። «ብረት» የአንድ ንጥረ ነገርም የመላው ወገንም ስም ስለሆነ፣ ልጁ ማግኔት መዳብንም ይስባል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። «ቆርቆሮ» የአንድ ንጥረ ነገር ስም ነው፤ ጣሪያችን ላይ ያለው ቆርቆሮ ግን ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። «እርሳስ» ደግሞ የባሰ ነው፤ ከባድ ብረታ ብረትም ይባልበታል፣ የምንጽፍበትም ይባልበታል። ስሕተቱ የእኛ ብቻ አይደለም። አውሮፓውያንም ግራፋይትን የእርሳስ ዓይነት አድርገው ያዩት ነበር፤ የስዊድኑ ኬሚስት ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1779 ካርቦን መሆኑን እስካሳየ ድረስ። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ይህን ጥያቄ ለእጩ መምህራን ሳቀርብ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ «ያብረቀርቃል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ብረታ ብረት ነው» የሚሉት ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም፤ ሠንጠረዡን አምነው ነውና።

በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እነዚህን ስሞች ትቶ በእንግሊዝኛ ይጀምር ነበር። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎችን ካስገባ ወዲህ ጉዳዩ በአማርኛ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በአቃቂ በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆችም አሉና። ስለዚህ የመጽሐፍ አዘጋጆች ከትርጓሜው አስቀድመው የአካባቢውን ስሞች ቢያጣሩ መልካም ነው። ሲኒና ብርጭቆ እንደ ኢብረታ ብረት ምሳሌ መጠቀሳቸውም መታረም አለበት፤ ውሁዶች ናቸው እንጂ ንጥረ ነገሮች አይደሉም።

ለክፍል ሥራ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይበቃል፤ ነገር ግን አልካላይን የሚል የተጻፈበት መከፈት የለበትም። መምህሩ ጓንት አድርጎ ሲከፍተው ውጪው የዚንክ ቆብ፣ መካከሉ የካርቦን ዘንግ ነው። ሁለቱም አምፖል ያበራሉ። በመዶሻ ሲመቱ ዚንኩ ይጠፈጠፋል፣ ካርቦኑ ይሰበራል። በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲጨመሩ ዚንኩ የሃይድሮጅን አረፋ ያወጣል፤ ዘንጉ ግን እንዳለ ይቀመጣል።