ሳውና፦ ማላቢያ ክፍል

ሳውና የፊንላንዶች ቃል ነው። በእንጨት የተለበጠች ጠባብ ክፍል፣ በውስጧ ምድጃ፣ በምድጃው ላይ የጋለ ድንጋይ፤ አየሯ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። 5.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት ፊንላንድ የሳውናው ቁጥር ወደ 3 ሚሊዮን ይገመታል።

አዲስ አበባ ላይ ሳውናና ስቲም ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ብዙ ሰው ሁለቱንም «የእንፋሎት መታጠቢያ» ይላቸዋል። ስያሜው የሚስማማው ለስቲም ነው፤ እሱ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሞቆ በእንፋሎት የታፈነ ነው። ሳውና ደረቅ ነው። ድንጋዩ ላይ አልፎ አልፎ ውሃ ቢረጭም አየሩ ላብን ቶሎ ያተናል፤ ሰው ያን ሁሉ ሙቀት የሚችለውም ለዚህ ነው። የወይባ ጢስም ዘመዱ ይመስላል፤ ግን የእሱ ነገር ጭሱና መዓዛው ላይ ነው። ስለዚህ ሳውናን፣ «አላበኝ» ከምንለው ቃል ወስደን፣ «ማላቢያ ክፍል» ብንለው ሥራውን ይገልጻል።

ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ላይ ይህን ማውራት ያስቃል። ጋምቤላ በየካቲትና መጋቢት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወበቁ ስቲሙን በነጻ ያቀርባል። ቢሆንም ቤቱ ማላቢያ የሚያሠራ ካለ መጀመሪያ መብራቱን ያስብ። ለ1 ሜትር ኩብ 1 ኪሎዋት ገደማ ይታሰባል፤ 6 ሜትር ኩብ ክፍል 6 ኪሎዋት ማሞቂያ ይፈልጋል፣ ይኸውም በ220 ቮልት 27 አምፔር ነው። ከእንጀራ ምጣድም ይበልጣል፤ የራሱ መስመርና ብሬከር ያስፈልገዋል። መብራት የማያስተማምን ከሆነ የእንጨት ምድጃ ይሻላል፣ ጭስ ማውጫው በደንብ ከተሠራ። ግድግዳው ሙቀት በሚይዝ ነገር ይሞላል፤ በላዩ አልሙኒየም ፎይል፣ ከዚያ ሙጫ የማያንጠባጥብ ጣውላ ይለበጣል። ቫርኒሽ አይቀባም፤ ሲሞቅ ይሸታል። የምስማር ራስ ወደ ውስጥ ይቀበር፣ ገላ ያቃጥላል። አየር ከምድጃው ሥር ይግባ፣ በትይዩው ግድግዳ ይውጣ።

የልብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይግቡ፤ የጠጣ ሰው ጭራሽ አይግባ። ለጀማሪ 10 ደቂቃ ይበቃል። ወጥቶ መቀዝቀዝ የሥርዓቱ ግማሽ ነው፤ ፊንላንዶች ሐይቅ ውስጥ ዘለው ይገባሉ። የባሮ ወንዝ አዞ ስላለበት የኒውላንድ ሰው በባልዲና በጣሳ ቢቀዘቅዝ ይሻለዋል።