ፀሐይና ጀልባ በተከዜ ዳር

የዋግ ስም ሲነሣ ሰው ሰቆጣን፣ ዋግሹሞቹንና ገደላገደሉን ያስባል እንጂ ጀልባን አያስብም። ተከዜ ለዘመናት በበጋ በእግር የሚሻገሩት፣ በክረምት ግን ዘመድን ከዘመድ የሚለይ ወንዝ ነበር። በኅዳር 2002 ዓ.ም. 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተመርቆ ሸለቆው ሐይቅ ሲሆን ግን፣ በጋ ከክረምት ጀልባ የግድ ሆነ።

የጀልባ ሞተር ቤንዚን ይሻል፤ ቤንዚን ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል። ፀሐይ ግን እዚያው ናት። የጣና ታንኳ ቀዛፊዎች ከጥንት ያውቋታል፤ ውሃ የጠጣውን የደንገል ታንኳ ወደ ዳር አውጥተው የሚያደርቁት በእሷ ነው። ያኔ ለታንኳው ዕድሜ ሰጠች እንጂ አልቀዘፈችም። መቅዘፉ የመጣው በእኛ ዘመን ነው፦ ከ2003 እስከ 2004 ዓ.ም. «ፕላኔት ሶላር» የተባለች መርከብ 537 ካሬ ሜትር የሶላር ሰሌዳ በጀርባዋ ዘርግታ፣ በፀሐይ ጉልበት ብቻ ዓለምን ዞረች።

ለትንሽ ጀልባ ያን ያህል አያሻም። ጣሪያው ላይ የተዘረጋ ሰሌዳ ለተሳፋሪው ጥላ፣ ለዝግተኛው ሞተር ጉልበት ይሆናል። ከላይ የከበደ ጀልባ ግን ይገለበጣልና ሰሌዳው ቀላል፣ ባትሪው ከወለሉ አጠገብ ይሁን። 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ በተገደበ ውሃ ላይ የሚጓዝ ሰው ጉልበት ሊቸግረው አይገባም።