ዜና ክታብ፤ መናፍስት በሥዕል ስለ ተባረሩበት ጥቅልል ብራና

ክታብ በበግ ወይም በፍየል ብራና ላይ በግዕዝ ተጽፎ፣ በሥዕል ተጊጦ፣ ለአንድ ሰው በክርስትና ስሙ የሚሠራ ጥቅልል ነው። በላዩ የሚሳለው ኅቡእ ሥዕል ጠልሰም ይባላል። ትንሹ ክታብ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት ወይም በብብት ሥር ይንጠለጠላል፤ ረጅሙ በታማሚው መኝታ ትይዩ በግድግዳ ላይ ተዘርግቶ ይሰቀላል። ጽሑፉ ለእግዚአብሔርና ለቅዱሳን የሚቀርብ ጸሎት ሲሆን ሥዕሉ ግን ታማሚውን የያዘው መንፈስ አይቶ እንዲሸሽ የተዘጋጀ ነው።

ክታቡን የሚሠሩት ደብተራዎች የዚህን ጥበብ መነሻ ከንጉሥ ሰሎሞን ይቆጥራሉ። መርበብተ ሰሎሞን የተባለው ጸሎት እንደሚተርከው፣ አጋንንት ሰሎሞንን ሊያጠፉ በተነሡ ጊዜ እርሱ በእግዚአብሔር ስሞች ኃይል ዓሣ በመረብ እንደሚያዝ ያዛቸው። በብዙ ክታብ ላይ የሚታየው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ሐረግ ይህን መረብ ያመለክታል።

ሁለተኛው ታሪክ የቅዱስ ሱስንዮስ ነው፤ መታሰቢያውም ሚያዝያ 26 ቀን ነው። ውርዝልያ የተባለች ክፉ ሴት ሕፃን ልጁን ገደለችበት። ሱስንዮስም በፈረስ ተቀምጦ ፍለጋዋ ወጣ፤ አጋንንት ከበዋት በዛፎች መካከል ባገኛት ጊዜ ከፈረሱ ወርዶ ወደ ምሥራቅ ሰገደና ጸለየ፤ ከዚያም ጎኗን በጦር ወጋት። እርሷም ከመሞቷ በፊት የእርሱ ስም ካለበት ስፍራ እንዳትደርስ ማለች። ስለዚህ ነፍሰ ጡርና አራስ ሴቶች ከሁሉ ይልቅ የሱስንዮስን ጸሎት ያስጽፋሉ፤ በክታቡም ራስ ላይ ፈረሰኛው ውርዝልያን ሲወጋ ይሳላል።

ከእነዚህ ታሪኮች ብዙ ዘመን በኋላ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በኢትዮጵያ ነገሡ፤ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ገዙ። እኚህ ንጉሥ ጥንቆላንና የአጋንንትን አምልኮ ከመንግሥታቸው ለማጥፋት ጽኑ ዐዋጅ አወጁ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው፣ ደስክና ዲኖ የተባሉትን አጋንንት አመለኩ ተብለው ከተከሰሱት ወገን የገዛ ልጆቻቸው ነበሩ፤ ንጉሡም አልማሯቸውም። ሕዝቡ ሁሉ የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን የሚክድ ቃል ደግሞ በእጆቹ ላይ እንዲያደርግ አዘዙ። ጥንቆላን ሊነቅሉ የተነሡት ንጉሥ ራሳቸው መንፈሱን የተዋጉት በሰው ገላ ላይ በሚታሰር ጽሑፍ ነበር። የንጉሡም ጠላቶች ከብራናው አልጠፉም፤ ደስክና ጉዳሌ የተባለው ሌላ ጋኔን ከዘመናት በኋላ በተጻፉ ክታቦች ከሚባረሩት አጋንንት ጋር ይቆጠራሉ።  

ክታብ ከገላ ጋር ስለሚውልና ስለሚያድር በላብና በጢስ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ እስካሁን ከተረፉት አብዛኞቹ ከ18ኛው እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ ናቸው። ሠሪው ደብተራ ነው፤ እርሱም ዜማና ቅኔ ተምሮ፣ ክህነት ሳይቀበል በማኅሌት የሚያገለግል የቤተ ክርስቲያን ምሁር ነው። ቤተ ክርስቲያን አስማትን ስለምታወግዝ ደብተራው ቀን በማኅሌት ቆሞ ክታቡን በስውር ይጽፋል።

የአሠራሩም ሥርዓት እንዲህ ነው። ደብተራው የታማሚውንና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር አስልቶ ኮከቡን ያወጣል፤ ከኮከቡም ሕመሙን ያመጣውን መንፈስና የሚታረደውን እንስሳ ቀለም ይለያል። እንስሳው ታርዶ ታማሚው በደሙና በፈርሱ ይታጠባል። ቆዳው በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ ብራና ይሆናል። ከዚያም በቁመቱ ተሰንጥቆ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁራጭ በጠፍር ይጋጠማል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ርዝመቱ በታማሚው ቁመት ይለካል። ጽሑፉ በሸምበቆ ብርዕ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ የቅዱሳንና የባለቤቱ ስም በቀይ ይወጣል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይገባበታል።

የሚባረሩት መናፍስት ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ባርያ ሰውን ጥሎ ያንፈራግጣል፤ ሾተላይ ሕፃናትን ከማኅፀን ጀምሮ ይቀጥፋል፤ ዓይነ ጥላ የሰውን ዕድል ይጋርዳል፤ የቀትር ጋኔን በጠራራ ፀሐይ ይለክፋል፤ ቡዳ በዓይኑ ይበላል። ክታቡም ስማቸውን አንድ በአንድ እየጠራ ያስራቸዋል። ከጸሎቱ በላይ፣ በመካከሉና በታቹ ሥዕሎቹ ይገባሉ። ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ፤ ሰይጣናትን የሚያሳድደው ፋኑኤልም አብሯቸው ይሳላል። ስምንት ጫፍ ባለው ኮከብ መካከል አንድ ፊት ይወጣል፤ በዙሪያውም ዓይኖች ይፈጣሉ።

በጠልሰም ዘንድ ዓይን ዋናው ነገር ነው። ደብተራዎች እንደሚያስተምሩት መንፈሱ በታማሚው ውስጥ አድሮ በታማሚው ዓይን ያያል። ታማሚው ሥዕሉን ትኩር ብሎ በተመለከተ ጊዜ ከብራናው የሚያፈጠውን ዓይን የሚያገኘው መንፈሱ ነው፤ ደንግጦም ይጮኻል፣ ይለቃል። ስለዚህ ሠዓሊው የጋኔኑን መልክ አስመስሎ ለማሳየት አይደክምም፤ የሚደክመው ጋኔኑ ሊቋቋመው የማይችል እይታ ለመፍጠር ነው።

ይህ ጠባይ ከጃፓን የመናፍስት ጥቅልል ጋር ሲተያይ ጎልቶ ይወጣል። በዚያ አገር በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ረሃብተኛ ሙታንን የሚያሳይ ጥቅልል ተሣለ፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም አጋንንት በሌሊት ተሰልፈው ሲሄዱ የሚታዩበት ጥቅልል ተሠራ፤ ይህም በኪዮቶ በዳይቶኩጂ ገዳም ሲጠበቅ ኖሯል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ማሩያማ ኦክዮ እግር የሌላት ሴት መንፈስ በመሣል ስሙ ገነነ። ተረት ነጋሪው ሳንዩቴይ ኤንቾ የሰበሰባቸው የመናፍስት ሥዕሎችም በቶኪዮ በዜንሾአን ቤተ መቅደስ በየነሐሴው ይዘረጋሉ። የጃፓኑ ጥቅልል በአግድም ከቀኝ ወደ ግራ ወይም ተሰቅሎ የሚታይ ሆኖ መንፈሱን ለሰው ያሳያል፤ የሐበሻው ግን ከላይ ወደ ታች ወርዶ ራሱ ለመንፈሱ ይታያል።

ክታብ ከአገር የወጣበት መንገድ ከሌሎች ብራናዎች የተለየ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሰዉ፤ የእንግሊዝም ጦር አምባውን ዘረፈ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን ቤተ መዘክር ገቡ። ክታብ ግን ከነገሥታት ግምጃ ቤት ይልቅ በድሃው አንገት ላይ የሚኖር ስለሆነ ከአገር የወጣው በአብዛኛው በተጓዦችና በገዢዎች እጅ ጥቂት በጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ሊቁ ዋሊስ በጅ ልፋፈ ጽድቅን በለንደን አሳተመ፤ ይህም ከሙት ጋር የሚቀበር ጸሎት ነው። በ1924 ዓ.ም. ክረምት የፈረንሳዩ ማርሴል ግሪዮል ከዳካር እስከ ጅቡቲ የሚሄደውን የጥናት ቡድን መርቶ ጎንደር ደረሰ፤ ብዙ ክታብም ሰብስቦ ወደ ፓሪስ ላከ። ከባልደረቦቹ አንዷ ዲቦራ ሊፍሺትዝ እነዚህን ጽሑፎች ተርጕማ እ.ኤ.አ. በ1940 አሳተመች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ናዚዎች በአውሽቪትዝ ገደሏት።

በአገር ውስጥ ደግሞ ቀደም ብሎ፣ ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ደፍተው አዲስ አበባ ዋና ከተማ በሆነች ጊዜ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ካህናትና ደብተራዎች ወደ ሸዋ ወረዱ፤ ታቦት በተተከለበትም ሁሉ ሰፈሩ። ከከተማዋ በስተምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአምቦ መንገድ የምትገኘው ገፈርሳም፣ ቡራዩም፣ ሰበታና ሱሉልታም የኦሮሞ ገበሬ አገር ነበሩ፤ ሕዝቡም ስለ አያና፣ ማለትም ስለ መናፍስት፣ ስለ ቃሉም፣ ማለትም ስለ ሥርዓቱ መሪ፣ ከአባቶቹ የወረሰው ሥርዓት ነበረው። በዚህ ዙሪያ የደብተራው ክታብ፣ የቃሉ ምርቃት፣ በቆዳ የተሰፋው የሙስሊሙ ክታብና ጸበሉ ጎን ለጎን ኖሩ፤ ታማሚም ከአንዱ ሲያጣ ወደ ሌላው ሄደ።

በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ። እስክንድር ቦጎሲያን በአውሮፓ ተምሮ ተመልሶ በዚያ ቤት ባስተማረ ጊዜ የክታብን ዓይንና ሐረግ ወደ ዘመናዊ ሥዕል አገባ፤ በብራና ላይም ሣለ። ዘሪሁን የትምጌታ በበኩሉ የቀርከሃ ስንጥቅ ገጣጥሞ የጠልሰምን ፊቶችና ምልክቶች ሣለበት። ፈረንሳዊው ዣክ መርሲየ የደብተራዎችን ጥበብ ከራሳቸው አንደበት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ክታብ መጽሐፍ አወጣ። ጌራና ጌዴዎን የተባሉ ሁለት የጠልሰም ሊቃውንትም ሥራቸው በውጭ አገር ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በኒው ዮርክ ስለሚፈውስ ጥበብ በተዘጋጀው ትርኢት ላይ ቀረበ።

ክታብ ለሚጻፍላቸው ሕመሞች በዚሁ ዘመን ሌላ ስምና ሌላ ሕክምና መጣ። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል፣ በገፈርሳም የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ተቋቋመ። የባርያ ሥራ ይባል የነበረው መንፈራገጥ የሚጥል በሽታ ተብሎ በመድኃኒት ይታከማል። ሾተላይም የእናትና የፅንስ ደም አለመስማማት መሆኑ ታወቀ፤ የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የሆነ እናት በጊዜው በምትወጋው መርፌ ይከላከሉታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ክታብ የሚያስጽፍ ሰው አልጠፋም፤ ሆስፒታሉንም ጸበሉንም ደብተራውንም በአንድ ወር የሚያዳርስ ቤተሰብ አለ።

ገበያውም ተለወጠ። ክታብ ጎብኚ የሚገዛው ዕቃ በሆነ ጊዜ ያረጀ እንዲመስል ሆን ተብሎ የጠየመ፣ ስም የሌለበት፣ ለማንም ያልተጻፈ ብራና በአዲስ አበባ የቅርስ ሱቆች መሸጥ ጀመረ። ጥንታዊ ክታቦች በ1955 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ተቀምጠዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክሏል፤ የጥንት ክታብም በዚህ ሕግ ሥር ይተዳደራል።