ከጠላ ቤቱ ጣሳ እስከ ስልኩ መስኮት

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የነበሩ አንዲት ጠላ ሻጭ ከበራቸው ፊት ረዘም ያለ እንጨት ተክለው ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፉበት ነበር። ጣሳው በእንጨቱ ላይ ካለ ጠላ አለ፤ ከወረደ አልቋል። ጽሑፍ የለው፣ ሥዕል የለው፣ የሚከፈልበት ነገር የለው። ይሁንና ከሥራ የሚመለሰው አናጢም፣ ደመወዝ የተቀበለው ዘበኛም፣ ፊደል ያልቆጠረው ኩሊም የሚለውን ነገር አንድም ሳይሳሳቱ ይረዱት ነበር። ስለ ንግድ ማስታወቂያ ባሰብሁ ቁጥር አስቀድሞ ፊቴ ላይ የሚደቀነው ያ ጣሳ ነው።

በቅርቡ ይህን ጣሳ እንደገና ያስታወሰችኝ የእህቴ ልጅ ናት። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች የምትሸጥ የባልትና ነጋዴ ናት። አንድ ምሽት ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «ጋሼ፣ 3 ሺህ ብር ከፍዬ ፌስቡክ ላይ ቡስት አስደረግሁ። ስንት ሰው ላይክ እንዳደረገው እስቲ ይዩልኝ! ግን አንድ ኪሎ በርበሬ እንኳ የገዛኝ የለም» አለችኝ። የላይኩ ቁጥር 4 ሺህ አልፏል። እሷ ግን ያበደረቻትን ጓደኛዋን እያሰበች ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ የድሮ ወረቀት ማገላበጥ የሚወድ ሰው ነኝ። ስለዚህ መልሱን የፈለግሁት በማውቀው መንገድ፣ ማለትም ወደ ኋላ በመሄድ ነው።

ለመሆኑ በቋንቋችን «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ስንት ሸክም እንደተሸከመ አስተውላችኋል? የሳሙና ሻጩም ማስታወቂያ ነው፤ የመንግሥቱ መሥሪያ ቤትም ለረጅም ዘመን «የማስታወቂያ ሚኒስቴር» ይባል ነበር። ቃሉ «አስታወቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና የሚያስታውቀው ማን ነው ብሎ አይመርጥም። ታሪኩ ግን ይመርጣል። በአገራችን ለብዙ ዘመን የማስታወቅ ሥልጣን የባለሥልጣን እንጂ የቸርቻሪ አልነበረም። አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ በገበያ ቀን ነው። ለምን በገበያ ቀን? ጆሮ የሚሰበሰበው እዚያ ስለሆነ ነው። የጨው፣ የቅቤና የጥጥ ሻጮችም በዚያው ገበያ ተቀምጠው በገዛ ጉሮሯቸው ይጣሩ ነበር። ለተሰበሰበው ጆሮ ኪራይ የሚያስከፍላቸው ግን አልነበረም።

ጆሮና ዓይን የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን ቀድመው ካወቁት አንዱ ፈረንሳዊው ሐኪም ቴዎፍራስት ረኖዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1630 ገደማ ፓሪስ ውስጥ ሥራ ፈላጊው ከአሠሪው፣ ሻጩም ከገዢው የሚገናኝበት ጽሕፈት ቤት ከፈተ። ባለጉዳዩ ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ ፍላጎቱን መዝገብ ላይ ያሰፍራል። በ1631 ደግሞ ይኸው ሰው ጋዜጣ መሠረተ። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1833 ኒው ዮርክ ውስጥ ቤንጃሚን ዴይ የተባለ አታሚ «ሰን» የተሰኘ ጋዜጣውን በ1 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። የሌሎቹ ዋጋ 6 ሳንቲም ነበር። ኪሳራውን የሚሞላው ከማስታወቂያ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። ከዚያ ወዲህ አንባቢው የሚገዛ ብቻ ሳይሆን የሚሸጥም ሆነ። ዛሬ ስልካችን ላይ በነፃ የምናየው ነገር ሁሉ የዚያ የ1 ሳንቲም ጋዜጣ የልጅ ልጅ ነው።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1895 ዓ.ም ገደማ፣ አንድርያስ ካቫዲያ የተባለ ግሪካዊ ያዘጋጀው «አእምሮ» ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይሰራጭ እንደነበር ይነገራል። 24 ቅጂ የቤተ መንግሥት ሰው ያነበው ይሆናል እንጂ ቅቤ ሻጯን የሚጠቅም አይደለም። በ1917 ዓ.ም «ብርሃንና ሰላም»፣ በ1933 ዓ.ም «አዲስ ዘመን» ተከተሉ። ገጾቹ በዙ፤ ሆኖም ማስታወቂያ የሚያወጣው በአብዛኛው የጨረታ ባለቤት፣ አስመጪና ፋብሪካ ነበር። ራዲዮውም፣ በ1957 ዓ.ም የጀመረው ቴሌቪዥንም እንዲሁ። የአንድ ደቂቃ ዋጋ ለአንድ ትንሽ ሱቅ የወር ገቢ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው የትንሹ ነጋዴ ማስታወቂያ በጣሳው፣ በቀለም ቀቢው የቆርቆሮ ሰሌዳና በካርቶን ላይ በተጻፈ «እንጀራ አለ» ተወስኖ የቀረው።

ከ1967 ዓ.ም በኋላ ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ ተለወጠ። ትልልቁ ንግድ በመንግሥት እጅ ገባ፤ የግል ነጋዴው ካፒታል ጣሪያ ተበጀለት። ስኳርና ጨርቅ ለማግኘት ሕዝቡ ራሱ ከንጋት ጀምሮ በሚሰለፍበት ዘመን «ኑ ግዙ» ብሎ የሚለምን ሻጭ ምን ያደርጋል? ማስታወቂያ የሚያስፈልገው ገዢ የመምረጥ ዕድል ባለበት ገበያ ነው። የ1985 ዓ.ም የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ሲፈሉ፣ በጀርባቸው ላይ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ፣ የፎቶ ቤትና የሙሽራ ልብስ አከራይ ማስታወቂያ ብቅ ብቅ አለ። ያኔ ነው የመካከለኛው ነጋዴ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ በርከት ብሎ የተሰማው። ጉሊቷ ግን አሁንም ከበሩ ውጭ ነበረች።

በሩን የከፈተው ሩቅ አገር የተሠራ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1994 «ሆትዋየርድ» የተባለ የአሜሪካ የኢንተርኔት መጽሔት በገጹ አናት ላይ የተከፈለባቸውን የማስታወቂያ ሰንደቆች ሰቀለ። ደንበኞቹ አሁንም እንደ ስልክ ኩባንያው «ኤቲ ኤንድ ቲ» ያሉ ግዙፎች ነበሩ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ዋጋው በጨረታ እንዲወሰን፣ ክፍያውም ሰው ሲነካው ብቻ እንዲሆን ሲደረግ ነው። በ1998 «ጎቱ» የተባለ ኩባንያ ይህን ሞከረ፤ በ2000 «ጉግል» በ350 ደንበኞች የራሱን የማስታወቂያ ሥርዓት ጀመረ። ፌስቡክ ደግሞ በተወለደበት በ2004 ለተማሪዎች የሚሆን ትንንሽ በራሪ ማስታወቂያ ይሸጥ ነበር። በ2007 ለንግድ ቤቶች የራሳቸውን ገጽ ፈቀደላቸው። በ2012 አንድ ሰው የለጠፈውን ጽሑፍ በጥቂት ገንዘብ ለብዙ ሰው እንዲያሳይ የሚያደርገውን ቁልፍ አመጣ። የእኛ ሰው «ቡስት» የሚለው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገጽ የከፈተ ነጋዴ የለጠፈው ነገር ለተከታዮቹ ያለ ክፍያ ይደርስለት ነበር። ከ2012 ወዲህ ግን ያለ ክፍያ የሚደርሰው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ባለርስት ባዶ ሜዳውን «ኑ፣ በነፃ ነግዱ» ብሎ ይከፍታል። ገበያው ሲደራ፣ ገዢው ሲለምድ፣ ዙሪያውን አጥሮ በር ላይ ቀረጥ ተቀባይ ያቆማል። በድሮው ገበያ ለጆሮ ኪራይ አልነበረም፤ በአዲሱ ገበያ ኪራዩ ዋናው ንግድ ነው።

ኪራዩን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የታወቀው በ2020 ነው። በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ ከ1 ሺህ በላይ ኩባንያዎች፣ ፌስቡክ የጥላቻ ንግግርን አይቆጣጠርም በማለት ማስታወቂያቸውን አቋረጡ። ብዙ ሰው ኩባንያው ይንበረከካል ብሎ ጠበቀ። ሆኖም የተከተለው ሩብ ዓመት ገቢው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ በ22 በመቶ በልጦ ተገኘ። ምሥጢሩ ግልጽ ነው፤ ያን ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ አስነጋሪዎች ነበሩት። አብዛኞቹም ዳቦ ጋጋሪ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዝሆኖቹ ሲኮበልሉ ጉንዳኖቹ ቤቱን አቆሙት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ፌስቡክ ከአፕል ጋር በተጣላ ጊዜ «ለትንንሽ ነጋዴዎች ቆሜያለሁ» የሚል መልእክት አስተላለፈ። በምን ይመስላችኋል? በሦስት ትልልቅ የአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ገዝቶ! ዓለምን ስልክ ላይ ያሰፈረው ኩባንያ ክብር ሲፈልግ ወደ ወረቀት ተመለሰ።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ በርበሬ ልመለስ። አንድ ቅዳሜ ተቀምጠን ማስታወቂያዋን መረመርነው። በራሷ የባንክ ካርድ ለፌስቡክ መክፈል ስላልቻለች «ካርድ አለኝ» ለሚል ወጣት ነበር ገንዘቡን የሰጠችው። ድሮ በገበያ መካከል የሚቆመው ደላላ በአዲስ ልብስ ተመልሷል ማለት ነው። ወጣቱ ማስታወቂያውን የለቀቀው «ላይክ» እንዲሰበስብ አድርጎ ነው። ማሽኑ ደግሞ ታዛዥ ነው፤ ላይክ አምጣ ካሉት ያገኘውን ሁሉ ላይክ ማድረግ የሚወድ ሰው ፈልጎ ያመጣል እንጂ በርበሬ የሚገዛ ሰው አይፈልግም። ከዚያም ላይ አካባቢ አልወሰነለትም። ከ4 ሺህ ወዳጆቿ ብዙዎቹ የሚኖሩት ጅማና ጎንደር ነው። ለአንድ ኪሎ በርበሬ ማን አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል?

ይህን ጊዜ ነው የእድራችን ለፋፊ ትዝ ያለኝ። ሌሊት ጥሩምባውን እየነፋ «እገሌ አርፈዋል» ሲል የሚሰማው የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። ለማያገባው አይጮህም፤ የሚያገባውን አይዘልም። ጉልበቱንም አያባክንም። «የለፋፊውን ያህል ብቻ ጩኺ» አልኳት። ዋሽንግተን የሚኖረው የአጎቷ ልጅ በራሱ ካርድ ከፈለላት። በሱቋ ዙሪያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ከለልን። ላይክ ሳይሆን መልእክት የሚልክ ሰው እንዲፈለግ አዘዝን። ፎቶውን ለውጠን በርበሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሳለ የሚያሳየውን አደረግን፤ ዋጋውንና የሱቋን አቅጣጫ በግልጽ ጻፍን። ጨረታው ብዙ ገንዘብ ያቀረበውን ብቻ አይመርጥም፤ ሰው ሊወደው የሚችለውን ማስታወቂያም ያስቀድማልና። ገንዘቡን በአንድ ቀን ከመጨረስ ለሰባት ቀን አካፈልነው። በመጨረሻም አንድ ደብተር ገዛሁላትና ለመጣው ሁሉ «የት ሰምተው መጡ?» እያለች እንድትጽፍ ነገርኳት።

በሳምንቱ ላይክ ያደረገው 60 ሰው አይሞላም። ደብተሩ ላይ ግን 11 ስም ሰፍሯል። ከ11ዱ አራቱ በወሩ ተመልሰው መጡ፤ አንዷ ጎረቤቷን ይዛ መጣች። ያቺ ጎረቤት ማስታወቂያውን ጨርሶ አላየችም።

ይህ ማለት ግን መንገዱ አልጋ በአልጋ ነው ማለት አይደለም። ገበያው የሚገኘው በሌላ ሰው ሰማይ ላይ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ሲገደቡ፣ ሱቃቸው ስልካቸው ብቻ የነበረ ነጋዴዎች መዝጊያ ሳይዘጉ ተዘጋባቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በኋላም የብር የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር በላይ ሆነ። የማስታወቂያው ሂሳብ በዶላር ነውና የጩኸት ዋጋም እንደ ዘይቱ እጥፍ ሆነ። «የገበያ ግርግር ለሌባ ያመቻል» እንደሚባለውም፣ ፎቶ ለጥፎ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሰወረው በዝቶ ታማኙን ሻጭ አብሮ አስጠርጥሯል።

አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እውነት ነው፤ መናገር ያስፈልጋል። ከረኖዶ መዝገብ ጀምሮ ታሪኩን ስከታተል ያየሁት ግን ለመናገር የሚከፈለው ገንዘብ ሰውን እስከ በር ድረስ ብቻ እንደሚያመጣ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን የሚሠራው በርበሬው ራሱ፣ ሚዛኑና የሻጯ ፊት ነው። የመጀመሪያውን ደንበኛ ከፌስቡክ ልትከራየው ትችያለሽ፤ ሁለተኛውን የሚያመጣልሽ ግን የመጀመሪያው ነው አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሱቋ ጎራ ብዬ ነበር። ስልኳ ጠረጴዛ ላይ ይንጫጫል፤ ደብተሩ አጠገቡ ተዘርግቷል። ከበሩ በላይ ደግሞ አንድ ነገር ተሰቅሎ አየሁ፤ በገመድ የታሰረ የደረቀ የዛላ በርበሬ ነው። «ይህስ ምንድን ነው?» ብላት ሳቀች። «ጋሼ፣ ኢንተርኔት የጠፋ ቀን እንኳ በርበሬ እንዳለኝ ይወቁ ብዬ ነው» አለችኝ። የሰፈራችን ጠላ ሻጭ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።